ሲሞቅ የሚጠፋው ማጉያ

ቡሬ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለራጂያ ጁማ
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣ ደህና ነሽልኝ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ። ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ሰዓድ በእጅሽ ይሰጥሻል፤ እናትሽ ሳታይ ብቻሽን አንብቢው። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ከእሷ እጅ አይወጣም።

ወንድምሽን ሙንዲርን ከቀበርነው ሁለት ወር ሆነ። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብተሽ ሻርፕሽን ነክሰሽ እንዳለቀስሽ አውቃለሁ፤ ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሐኪሙ የእናትሽ የልብ ቀዶ ሕክምና ሳይሽር ድንጋጤ እንዳይነካት አለ፤ ሽማግሌዎቹም መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። መጀመሪያ ለሥራ ሄዷል አልናት። ኋላ "ድምፁን ካላሰማችሁኝ መድኃኒቱን አልውጥም" ስትል፣ ጉሮሮውን ታሞ መናገር ተከልክሏል፣ ጊታር ግን ይጫወትልሻል ያልኳት እኔው ነኝ። ይህ ብልሃት የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

ፍኖተ ሰላም ሠርግ ላይ የተጫወተው በስልኩ ተቀድቶ ነበር። ከሌላ ስፒከር ቢወጣ ታውቅብኛለች ብዬ ከራሱ ከሙንዲር የጊታር ማጉያ ጋር አገናኘሁት። ያ ከተበተነ ኦርኬስትራ የገዛው፣ ሆዱ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበሩ ቫልቮች ያሉት አሮጌ ሣጥን ነው። ጅጋ አጠገብ ወንድምሽ የሞተበት ሚኒባስ ሲገለበጥ ከኋላ ተጭኖ ነበር፤ አንድ ጭረት ብቻ ይዞ ወጣ። ልጄ ሄዶ ሣጥን መትረፉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የመጀመሪያው ዓርብ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓርብ የስልክ መስመር አልገባ ብሎኝ ስሞክር ማጉያው ሩብ ሰዓት ያህል በርቶ ቆየ። እንዳገኘኋችሁ ቀረጻውን ለቀቅሁት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። ቶሎ ብዬ "መብራት ሄደ" አልኳት።

"የምን መብራት ነው የምታወራው? እየሰማሁት አይደል እንዴ! ዝም በልልኝ።"

ጆሮዬን ወደ ማጉያው ባስጠጋ ምንም የለም። የጥገና ሱቄ ጭጭ ብሏል። በወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አንዳንዴም ሰው ሲያወራት እንደምትመልሰው "እህ" ትላለች። እንዲህ አራት ደቂቃ ያህል ቆይታ፣ "ይህን ዜማ ከየት አመጣው? እንዲህ ሲያዝን ሰምቼው አላውቅም" አለች።

ሠላሳ ዓመት ራዲዮ ስፈታ ጂን አግኝቼ አላውቅም፤ ያገኘሁት በረሮ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ከፈትኩት። ቫልቮቹን አንድ በአንድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሲበርድ ይዘፍናል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። እንደሞቀ በደረቅ እንጨት ቦታ ቦታውን መታ መታ አደረግሁት፤ አንዱን የቫልቭ መቀመጫ ስነካ ድምፁ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። በአጉሊ መነጽር ባየው የእግሩ ብየዳ ዙሪያውን ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። አደጋው ነው የሰነጠቀው። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል። እንደገና በየድኩት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብርቼው አልጠፋም። እፎይ አልኩ። የእናትሽንም ነገር መድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ትናንት ከጁምዓ መልስ ደወልኩ። ቀረጻው ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲያልቅ እናትሽ አወቀችው።

"ይህማ የፍኖተ ሰላሙ ሠርግ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሙሽራዋ ትስቃለች። ያኔ አሰምቶኛል እኮ" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያለፈው ዓርብ ግን እሱ ራሱ ነበር። ከተለየን ስንት ቀኑ ነው፣ ጁማ?"

ምን ብዬ እንደመለስኩ ልንገርሽ? "ጉሮሮው እየተሻለው ነው" አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

"እሺ። ይበርደኛል ብሎኛል" አለችና ዘጋችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር እነሳለሁ፤ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በራችሁን እናንኳኳለን። ሐኪሙን አስቀድመሽ አማክሪ፤ መድኃኒቷንም በሰዓቱ ስጫት፤ የጎረቤት ሴቶችም አጠገቧ ይሁኑ። ሳምንት ሙሉ እያወቀች ብቻዋን መሸከሟ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለኝ። ያን ዓርብ አንቺም አጠገቧ ነበርሽ፤ የሰማሽው ነገር ካለ ስመጣ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትሳቂብኝ። ዛሬ ጠዋት ያንን ብየዳ በገዛ እጄ መልሼ ሰነጠቅሁት። ማጉያውን አብርቼ ቀረጻውን እየለቀቅሁ አሞቅሁት፤ ድምፁ ሰልሎ ጠፋ። ወንበር ስቤ ጆሮዬን የማጉያው ፊት ጨርቅ ላይ አስደግፌ እስከ እኩለ ቀኑ የዙሁር አዛን ድረስ ተቀመጥኩ።

ለእኔ ምንም አላለኝም።

አላህ ለእናትሽ ጉልበት፣ ለአንቺ ትዕግሥትና ሶብር ይስጥልኝ።

አባትሽ ጁማ