ዲያቆኑ የሚመለስበት ረድፍ

ሳቫይ ደሴት፣ ሳሞአ
እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ላጊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አቤቱታ ስላለኝ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመጨረሻ አግዳሚ ወንበር ዛሬ መቀመጫዬን ጨረሰው። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ባስነጠስኩ ቁጥር ይንኳኳል፤ ምእመኑም ዞሮ ያየኛል። በሩ ሥር ስለሆነ ደግሞ የሽማግሌው የፔኒ ውሻ እየገባ እግሬን ይልሳል። ስለ ገሃነም እየተሰበከ እግሩን የሚኮረኮር ሰው ምን ዓይነት ፊት ማሳየት አለበት? እስቲ ንገሪኝ።

መቼም ያን ወንበር ከእኔ በፊት ታውቂዋለሽ። ሆድሽ መግፋት ሲጀምር ከመዘምራኑ ፊተኛ ረድፍ አንስተው እዚያ አስቀመጡሽ። ነጭ ቀሚስሽንና ባርኔጣሽን እንዳደረግሽ የመሐሉን መንገድ ብቻሽን ስትሄጂ፣ ከጫማሽ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሳታገባ ያረገዘች ልጅ አባትም አብሮ ይቀጣልና አባትሽ ከዲያቆንነቱ ወረደ፣ የጌታን እራትም ተከለከለ። አንቺም “ኅብስቱን ከአባቴ አፍ ነጠቅሁት” ብለሽ ባሕሩን ተሻግረሽ ዋና ከተማው አፒያ ገባሽ። እሱ በጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ቦታው ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ስምሽን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

ባለፈው ጊዜ አንቺ ዘንድ ስመጣ ጎደሬና ዓሣ አቀረብሽልኝ። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ስጀምር ልጅሽ እጅጌሽን ጎተተና “እማዬ፣ አባባ ሴሙ ለምንድን ነው ከሳህኑ ጋር የሚያወራው?” አለሽ። በሳቅ ልሞት ነበር። ቀና ስል ግን አንቺ አልሳቅሽም።

“አጎቴ፣ ጸሎት የተውኩ እንዳይመስልህ፤ አቃተኝ እንጂ” አልሽኝ። “ዓይኔን ስጨፍን እነሱ ናቸው የሚመጡብኝ። የእግዚአብሔርን ፊት ከአባቴ ፊት መለየት አልችልም። ልጄ ግን ይጠመቅ። እኔ ያጣሁትን እሱ እንዳያጣ። በጥቅምቱ የልጆች እሑድ ነጭ ለብሶ ከእኩዮቹ ጋር ጥቅስ ይበል። ጠይቅልኝ።”

ጠየቅሁልሽ። ከሽማግሌዎቹና ከዲያቆናቱ ጋር በፓስተሩ ቤት ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ፓስተሩ እንደምታውቂው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ግን ከማውጣቱ በፊት የፔኒን ፊት ያያል።

“ልጁ ይጠመቃል” አለ ፔኒ። “አስቀድማ እናቱ በእሑድ ጉባኤ ፊት ትቁምና ኃጢአቷን በገዛ አፏ ትናገር።”

“ጋሽ ፔኒ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰለቸው ያወራውን ነገር እንደገና ለመስማት ምን ጎደለዎት? ዝርዝሩ ነው?” አልኩት።

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

“ሴሙ! ይሄ የቀልድ ቦታ አይደለም” አለ ፔኒ።

“እኔም አልቀለድኩም። የልጁ አባት ባሕር ማዶ ኦክላንድ ውስጥ በመዘምራን ፊት ቆሞ ይዘምራል። መልካም ምእመን ነው ብለን የምስክር ወረቀት ጽፈን የላክነው እኛው ነን።”

“እሱ… እሱ እኮ እዚህ የለም።”

“እሷስ አለች እንዴ?”

ፓስተሩ ወደ አባትሽ ዞረ። “ዲያቆን ፊሊሞኒ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ልጅህ ናት።”

አባትሽ የምንጣፉን ጠርዝ እየጠቀለለ “ሥርዓቱ ይፈጸም” አለ።

ያን ጊዜ ቀልዴ ሁሉ አለቀብኝ። ልጁ ስለ ሳህኑ ያለውን ነገርኳቸው። ጥቂቶች ሳቁ። ቀጥዬ አንቺ ያልሽውን፣ ስለ አባትሽ ፊት ያልሽውን ነገርኳቸው። ሳላስፈቅድሽ ስለተናገርኩ ተቆጪኝ። የሳቀ አልነበረም። አባትሽ ተነሥቶ ነጠላ ጫማውን በር ላይ ትቶ ባዶ እግሩን ሄደ። ጉዳዩም ሳይወሰን ተበተንን።

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። እኔም ሄጄ የታገዱት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት እንዳንቺ ከመዘምራኑ የተነሣች ልጅ አጠገቤ ነበረች። “አጎቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ገና አልወሰንኩም” አልኳት። ዛሬ አንድ ሰው ካሳቅሁ እሷን ነው።

ኅብስቱን ይዞ ወደ ኋላ የመጣው አባትሽ ነበር። ልማዱን ታውቂያለሽ፤ ዲያቆኑ ከዚያ ወንበር ፊት ያለው ረድፍ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። እኔ ግን አልታገድኩምና ሊያልፈኝ አይችልም። ሊሰጠኝ ቢመጣ ደግሞ ሳህኑ በዚያች ልጅ አፍንጫ ሥር ማለፍ አለበት። ቆመ።

“ጋሼ፣ ወደ ቦታህ ና” አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

“እዚህም እኮ ይራባል፣ ፊሊሞኒ።”

“በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ሰው እያየን ነው።”

“ይየን። ላጊንም አይቷታል።”

ስምሽን ስጠራ ሳህኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። መዘምራኑ መዝሙሩን ጨርሰው፣ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ፔኒ ከወንበሩ ተነሥቶ አንገቱን አሰገገ። አባትሽ አንድ እግሩን ወደ እኛ አነሣ። ላጊ፣ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እግሩን መልሶ ዞረና ሄደ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ፤ ፓስተሩ የእሱን ድርሻ ሲያቀርብለት በእጁ መለሰው። አልበላም።

እንግዲህ ነይ ብዬ አልጽፍልሽም። በዚያ ጉባኤ ፊት ቁሚም አልልሽም። እኔ ከአሮጌ ጋዜጣና ከመጽሐፍ ቅዱስ ፊደል የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እግዚአብሔር ፊት የማስተምርሽ የለኝም። የፔኒ ፊት እንዳልሆነ ግን እምልልሻለሁ፤ ፔኒ ራሱ መስተዋት ሲያይ ይደነግጣል። መጸለይ ካቃተሽ አትጨነቂ። እስኪመለስልሽ ድረስ የአንቺንም ድርሻ እኔ…

በሩ ላይ ሰው አለ። እሑድ ከሰዓት፣ መንደሩ በሙሉ በልቶ በተኛበት ሰዓት! ፔኒ ሊገሥጸኝ መጥቶ መሆን አለበት። ቆይኝ።

አባትሽ ነው። የጠዋቱን ነጭ ኮት አላወለቀም። ግባ ብለው እምቢ አለኝ፤ ደፉ ላይ እንደ ቆመ ነው።

“ለማን ነው የምትጽፈው?” አለኝ።

“ለላጊ።”

“ዲያቆንነቱን ለፓስተሩ መለስኩለት። ልጄን በሰው ፊት አላቆምም አልኩት” አለኝ። “ጥምቀቱስ?” ብለው “አላውቅም፣ ጋሼ። አላውቅም” አለ። ከዚያ ነገ በመጀመሪያው ጀልባ እንደሚሻገር ነገረኝና ቤትሽ ከወደቡ በእግር የሚደረስ እንደሆነ ጠየቀኝ። መንገዱን አስረዳሁት።

ሊሄድ ዞሮ እንደገና ተመለሰና “ልጁ… ማን ነው የሚባለው?” አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። በሩን መክፈትም አለመክፈትም የአንቺ ነው፤ ማንም አያዝሽም። የልጁን ስም ግን አልነገርኩትም። ከአንቺ ይስማው።

የሚወድሽ አጎትሽ
ሴሙ