ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት

ሐምሌ 20፣ 2015
ዛሬም የዓሣ አጥማጁን የሀሚዱን ታንኳ ለምኜ ሐይቁ መሃል ገባሁ። ከቤት ሆኜ ለሲስተር ወይኒቱ ማውራት አልችልም፤ ጎረቤት ሁሉን ይሰማል። ከጦርነቱ የተመለስነውን በየሳምንቱ በቪዲዮ የምታክመን እሷ ናት፣ ከአዲስ አበባ።

"ስንት ቀን ሆነዎት?"

"ከጫትም ከአረቄም... ሃያ ስድስት።"

አጨበጨበችልኝ! እኔ ሃምሳ አለቃ ባድሩ እንደ ሕፃን ተጨብጭቦልኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ባለቤቴን፣ ዙሌይካን፣ አንቄ የነቃሁበትን ሌሊት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጫት ካለ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ከሌለ አረቄ ይመጣል። ከአረቄ በኋላ የጦር ግንባሩ በእንቅልፌ ይመጣል። አሁን ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ።

ሐምሌ 27
ዳታ የለም። ታንኳው ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ሀሚዱ ከዳር ሆኖ ይስቃል። "ለሁሉም ነው የተቋረጠው፣ ና ውጣ!"

የምንገናኘው በምትልክልኝ የቪዲዮ ሊንክ ነው። ቁጥሯን እንኳ አልያዝኩም። ምን ዓይነት ወታደር ነኝ?

ነሐሴ 1
የወልዲያ መንገድ ተዘግቷል። ተኩስ አለ ይላሉ... መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ዙሌይካ አየችኝ። ለአጎቴ ለሸኽ ኑርዬ ሳትነግራቸው አልቀረችም። ሐሙስ ጎረቤት ሰብስበው እንድድን ዱዓ ሊያስደርጉልኝ ነው።

ነሐሴ 4
ጎረቤቱ ሁሉ ለእኔ ብሎ መጣ። እንዴት እምቢ ይባላል? አጎቴ መርቀው ጫቱን ዘረጉልኝ።

"አጎቴ፣ ሐኪሟ ከልክላኛለች።"

"ኧረ ልጄ፣ የዱዓ ጫት እኮ ሱስ አይደለም። በረካ ነው። ያዝ፣ አላህ ያሽርህ!"

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ። የቀጠሮዬ ሰዓት።

ያዝኩ።

ነሐሴ 6
ሁለት ቀን እንቅልፍ የለም።

ነሐሴ 7
ትናንት ማታ አረቄ ጠጣሁ። ተኛሁ።

ዙሌይካ ዛሬ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ዋለች። "ብርድ ነው" ትላለች። ልጃችን ራህማ አልጠጋም አለችኝ። እኔ ምንም አላስታውስም... ምንም! አፈርኩ። ፈራሁም።

ነሐሴ 8
ለዙሌይካ ራሴ ነገርኳት። "ልጅቱን ይዘሽ እናትሽ ዘንድ እደሪ። በሩን ከውጭ ቆልፊው።"

"ባሏ ላይ በር ቆለፈችበት ይሉኛል እኮ።"

"ይበሉ።"

ራህማን አዘለች። ጓዳ ገብታ ቢላዋውን በነጠላዋ ጠቀለለች፣ ይዛው ወጣች። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ቢላዋውን ውሰጂ አላልኳትም ነበር። ያን ሌሊት በእጄ ምን እንደያዝኩ የምታውቀው እሷ ናት።