ጭላሎ በየት በኩል ነው

ሰኞ
የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የጎርፍ ቦዬ ላይ ችካል ተከሉብኝ። ሳይጠይቁኝ። ያን ቦይ በጎማ ቱቦ ውስጥ ባለ ውሃ ልኩን እየያዝኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። የጭላሎ ተራራ ጎርፍ ከታች ያሉትን ቤቶች ያልወሰደው በእሱ ነው። ላዩ በድንጋይ ተከድኖ ሣር ስለበቀለበት ባዶ ቦታ መስሏቸዋል። የወጣት ማዕከል ሊሠሩበት ነው፤ ቁፋሮው በሚመጣው ሰኞ።

የፕላን ባለሙያዋን ሐሊማን ጠየቅኋት። «አባባ፣ ነዋሪው ራሱ ነው የመረጠው» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከሰማይ የተነሳ የሰፈራችንን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ማዕከሉ የት ይሁን ብለው ስቲከር አስለጥፈውናል፣ እውነት ነው። እኔ ግን የለጠፍኩት የድሮው ወፍጮ ቤት ጓሮ ላይ ነው።

ማክሰኞ
ሐጂ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ ከቦዩ ሥር ነው፤ ጎርፍ ቢመጣ መጀመሪያ የሚሄደው የእሱ ነው። እሱም ቦዩ ላይ ለጥፏል! ለምን አልኩት።

«ኦቦ ታደሰ፣ በዕድሜ ትልቅ ነዎት ተብሎ እርስዎ ጀመሩ። እርስዎ ከለጠፉበት ርቄ ልለጥፍ?»

ሌላውም እንደዚያው ነው ያደረገው። ፎቶውን ያየ የለም፤ ጣቴን ነው ያዩት። ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው የለጠፍኩት ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ሻዩንም አልጠጣሁለት።

ረቡዕ
ሐሊማ ቢሮ ሄጄ ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ተራራ ከላይ ነው፣ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የወረቀቱን አናት ጭላሎ ብዬ ነበር። ጤነኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው። ሐሊማ «አናቱ ሰሜን ነው አባባ። ጭላሎ በቀኝ በኩል ነው። የለጠፉትም ችካሉ ያለበት ላይ ነው» አለች። ተራራን በጎኑ ያስተኛሉ! ያን ቀን አስረድቼ ነበር አለች። እሷ ስታስረዳ እኔም ለጎረቤቴ እያስረዳሁ ነበር።

ሐሙስ
ከሐጂ ከድር ጋር ሳፋ ላይ ጭቃ ደልድለን ሰፈሩን ሠራን። ለቤት ቆርኪ። ተዳፋቱ አልሆነልኝም፤ ሁለት ጊዜ አፈረስኩበት። እሱ ጭቃውን መልሶ አቦካልኝ። ያ ነው ያናደደኝ።

ዓርብ
የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ሳፋው ላይ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰስኩ። በቦዩ አለፈ። ቦዩን በጭቃ ደፍኜ ደገምኩ፤ የሐጂ ከድር ቆርኪ ተንሳፍፎ ሄደ። «በሩን እንኳ ሳልዘጋ» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሐሊማ አልሳቀችም። ቦዩን ፎቶው ላይ በሰማያዊ አሰመረችው፤ ጭላሎንም በትልቁ ጻፈችበት። ምርጫው ይደገም ተባለ። እርስዎ ይጀምሩ አሉኝ። መጨረሻ ነው የምለጥፈው አልኩ።

ወፍጮ ቤቱ አሸነፈ።

ቅዳሜ
ችካሉን ነቅለውታል። ጉድጓዶቹን ራሴ ደፈንኩ። ሐጂ ከድር በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ኦቦ ታደሰ፣ ዛሬ ጭላሎ በየት በኩል ነው?» አለኝ። አካፋዬን ይዤ ገባሁ። ይህን ጉዳይ ከእንግዲህ ለማንም አላነሳም፤ ለዚህ ደብተርም ቢሆን።