ወይዘሮ ቢላን ሽሬና የልጅነት አምባራቸው

ወይዘሮ ቢላን ሽሬ ከአባታቸው ከአቶ ሽሬ ገዲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋርሒያ ሮብሌ በ1911 ዓ.ም. በጀልዴሳ ተወለዱ። አባታቸው ግመል ነጂ ነበሩ። ባቡሩ የሲራራውን ሥራ ስለወሰደባቸው ቤተሰቡን ይዘው ድሬዳዋ ገቡ። ቢላን በዚሁ ከተማ ቁርኣን ቀሩ፤ የአማርኛ ፊደልም ለዩ። በ1932 ዓ.ም. ነጋዴውን አቶ አብሺር ጉሌድን አግብተው ዐስሊንና ቢሻሮን ወለዱ።

ቤታቸው ከአንድ የቡና መጋዘን አጠገብ ነበር። ቡና የሚለቅሙት እናቶች ልጆቻቸውን በግድግዳው ጥላ ሥር አስቀምጠው ይገቡ ነበር፤ ጥላው ሲሸሽ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። በ1945 ዓ.ም. ወይዘሮ ቢላን ግቢያቸውን ከፈቱላቸው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሀ ሁ እና ቁጥር ያስተምራሉ፤ ወይዘሮ ቢላን ደግሞ የማሽላ ገንፎ በተፈጨ ለውዝ ያገነፋሉ። ልጆቹም “ኤዶ” አሏቸው፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው።

ከጀልዴሳ የሚመጣው የግመል ወተት ግን ለሁሉም አይዳረስም ነበር። ይበልጥ የተጎዳውን ልጅ መለየት አስፈለገ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የጠገበ ልጅ ክንድ ውፍረት እምብዛም እንደማይለወጥ ወይዘሮ ቢላን አስተውለው ነበር። ስለዚህ በሕፃንነታቸው ያጠለቁትን ጠባብ የብር አምባር አወጡ። በጠገበ ልጅ እጅ ላይ አምባሩ ከክርን በታች ይቆማል፤ ክርኑን ካለፈ ልጁ ተርቧል፤ ወተቱ የእርሱ ነው።

ያልጠበቁት ነገር መጣ። ቡና ለቃሚዋ ሃዎ፣ ልጇ ሙመድ ሲለካ አይታ፣ “ልጄን በቁሙ ለከፈን ትለኪዋለሽ?” ብላ ነጥቃቸው ወጣች። ሌሎቹም እናቶች ተከተሏት። ግቢው ባዶ ሆነ። ወይዘሮ ቢላንን ያስጨነቃቸው የሙመድ ክንድ ነበር፤ አምባሩ እስከ ትከሻው ወጥቶለት ነበርና፣ ያለ ወተት ክረምቱን እንደማይዘልቅ አወቁ።

በማግስቱ የአራት ዓመት ልጃቸውን ቢሻሮን አዝለው ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። መለካት እንደማይገድል ለማሳየት፣ እናቶቹ ሁሉ እያዩ፣ አምባሩን በገዛ ልጃቸው እጅ አስገቡ። አምባሩ ክርኗን አልፎ ሄደ። ቢሻሮ ወባ ታማ ሰንብታ ነበር፤ እናትየው መክሳቷን አላስተዋሉም።

“አንቺ ሴትዮ! የሰው ልጅ ስታበዪ የራስሽን ረሳሻት?” አለች ሃዎ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ወይዘሮ ቢላንም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ሃዎ ሙመድን ወደፊት ገፋ አድርጋ፣ “በይ ሁለቱንም አጠጪያቸው” አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አምባሩ በግቢው በር ላይ ተሰቀለ፤ ልጅ ሁሉ፣ የነጋዴም ሆነ የለቃሚ፣ እጁን አሳልፎ ይገባል። የአካባቢው ነጋዴዎች ማሽላ፣ የጀልዴሳ ሴቶች ወተት ሳያጓድሉ ቤቱን እስከ ዛሬ አቆይተውታል። ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል።

ወይዘሮ ቢላን ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ተያዙ። በመጨረሻው ሳምንት ዛሬ የባቡር መካኒክ የሆነው ሙመድ ሊጠይቃቸው ገባ። ሰላም ሊሉት እጃቸውን ሲያነሡ የጋብቻ አምባራቸው ተንሸራቶ ክርናቸውን አለፈ። አይተውት ሳቁ። “ሙመድ፣ አየህ? አለፈ። እንግዲህ ወተቱ የኔ ነው” አሉት።

“የርስዎ ነው፣ ኤዶ” ብሎ ከልጆቹ ገንፎ አስቀድቶ፣ ወተት አፍስሶበት፣ በእጁ አጎረሳቸው።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸው አቶ አብሺር፣ ልጆቻቸው ዐስሊና ቢሻሮ፣ አራት የልጅ ልጆችና በዚያ በር እጃቸውን አሳልፈው የገቡ ሁሉ ቀርተዋል። እንደ ኑዛዜያቸው፣ ዛሬ ከሰደቃው አስቀድመው የሚበሉት ልጆች ናቸው።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ያጎረሱትን እያንዳንዱን ጉርሻ በሚዛናቸው ላይ ያኑርላቸው። አሚን።