በእውነት የሞቱት ኦራዚዮ ፋንቴላ

ወንድሜ ኦራዚዮ ፋንቴላ ከአባታቸው ከጸጉር አስተካካዩ ከአርቱሮ ፋንቴላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልቪራ በ1944 በሶራ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚሁ ጨርሰው፣ አባታችን ጠበቃ ይሁንልኝ ስላሉ ሕግ ሊማሩ ሮም ወረዱ። ብዙም ሳይቆዩ ሕጉን ትተው በአንድ የፊልም ስቱዲዮ ኬብል መጎተት ጀመሩ። አባታችን ይህን የሰሙት ደንበኛ ሲላጩ ነበር፤ የሰውየው ጆሮ ለጥቂት ተረፈ።

በ1971 የመጀመሪያ የሳቅ ፊልማቸውን አዘጋጁ። በ1975 ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ ሎሬዳና ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ፍላሚኒያን ወለዱ። በፊልሞቻቸው ሁሉ አንድ ቀብር አይጠፋም። «ሰው ከልቡ የሚስቀው መሳቅ በማይገባው ቦታ ነው» ይሉ ነበር።

በ1983 «ለሟቹ ወንበር አምጡ» የተሰኘውን ፊልም እዚሁ ሶራ ሲያነሱ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ በገዛ ስማቸው አሳትመው የከተማው ግድግዳ ላይ አስለጠፉ። ለእናታችን መንገር ረሱ። እናታችን ከገበያ ሲመለሱ አነበቡትና መንገድ ላይ ወደቁ። ሲነቁ ወንድሜ ተንበርክከው፣ በራሳቸው ሞት ዳግመኛ ላይቀልዱ «እናቴን ያሳጣኝ» ብለው ማሉ። ከተማው ግን መሐላውን አልሰማም፤ ቀልዱን ብቻ ሲያወራ ኖረ።

ያለፈው ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2019፣ ምሳ ላይ «ጨው አንሶታል» ብለው ሹካቸውን እንደያዙ አረፉ። ስለ ሕመማቸው የምጽፈው የለኝም፤ አልታመሙም። እኔ ጨው ላመጣ ዞር ብዬ ነበር። እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

የሞታቸው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሶራ ሳቀች። ዳቦ ጋጋሪው አንዱን ልጦ ለመታሰቢያ ወሰደ። በፊልሞቻቸው ሁሉ የተወነው ሬሞ ስደውልለት፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ይቺን ቀልድ ድሮ ጠግበናታል» ብሎ ዘጋብኝ። አስከሬናቸው ቤት ተቀምጦ የሚሸከመው ሰው ጠፋ። የዘጠና አምስት ዓመቷ እናታችን ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን አንስተው አደባባይ ወጡና እንዲህ አሉ፦

«ዝም በሉ። ልጄ በዚህ ላይቀልድ ለእኔ ምሎልኛል። ስለዚህ ሞቷል።»

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ የሞላው፣ ሬሞም ሳጥኑን በትከሻው ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድሜ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን እህታቸውን ቢያንካን ትተው ሄደዋል። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ሳጥኑን እያያችሁ ክዳኑ እንዲነሳ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔም እየጠበቅሁ ነው። እናታችን ብቻ አይጠብቁም።

ለእናታቸው ቃላቸውን የጠበቁትን ልጅ፣ እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበልልን።