ካውያው አልነበረም

ለምወድህ ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? መንትዮቹስ ጥርስ ማብቀሉ አልቆላቸው እንቅልፍ ሰጧችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ከረቡዕ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው። ደብዳቤዬን ለባለቤትህ ጮክ ብለህ እንደምታነብላት አውቃለሁ፤ የዛሬውን ግን ተወው። ፖስታውን ሁለቴ አሽጌዋለሁ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ገና ወረቀት ሳወጣ "ለማን ነው?" ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ለአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አይበዛም? አንተ "ጥርጣሬ ይዘሽ ነው የተወለድሽው" ትለኝ የለ? እንግዲህ ለተጠራጣሪ የሚሆን ትምህርት አግኝቻለሁ።

የእሳት ሳይንስ ለመማር ስመዘገብ ሁለት ሳምንት እንዳኮረፍከኝ ታስታውሳለህ። አክስታችንማ "ቤት ያቃጠለች ልጅ እሳት ልትማር ሄደች!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከታረቅን በኋላ ደግሞ በየደብዳቤህ ሥራ ትመርጥልኝ ጀመር። ፋብሪካ ውስጥ የደህንነት ተቆጣጣሪ ብሆን የእሳት ማጥፊያ እየፈተሽኩ በሰላም እኖራለሁ። ለሕንፃ የውሃ መርጫ መስመር የሚነድፉት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የሚውሉት። እሳት አደጋ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ብሄድ እንኳ አልከፋህም፤ ከደረጃ ላይ እንዳልወድቅ የምትሳሳልኝ ሰውዬ መሰላል ስወጣ አልፈራህልኝም። "ብቻ የምርመራውን ክፍል ተይው፤ ትርፉ ከሰው መጣላት ነው" አልክ። አንዴ አይደለም፣ አምስት ጊዜ፤ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ቆጠርኳቸው። አስበህልኝ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የምርመራ መምህራችን አድራሻቸው የተሰረዘ የድሮ የቃጠሎ መዝገቦችን በዕጣ አደለን። መምህሩን "ዓመዱ" ነው የምንለው፤ ሃያ ዓመት በተቃጠለ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ የኖረ ሰው ነው። ሥራችን ፎቶዎቹን አይተን እሳቱ ከየት እንደተነሳ መጻፍ ነው። ድምዳሜያችን ከድሮው ከተለየና እሱ ካመነበት፣ መዝገቡ እንደገና እንዲታይ ወደ መርማሪዎቹ ይመለሳል።

የእኔን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። የአባባ ልብስ ስፌት ቤት! ቀና ስል ዓመዱ ፊቴን እያየ ነው። ዕጣ ነው ብዬ እንድቀበል ትፈልጋለህ? እኔ አልተቀበልኩም።

ያን እሑድ የአንድ አስተማሪ ሱፍ ተኩሼ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ ነደደ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሁሉም ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ። "ካውያውን ሳትነቅል ሄዳለች" ያልከውም አንተ ነህ። ወዲያው ደግሞ "ልጅ ናት፣ ተዉአት" ብለህ ከአክስታችን ምላስ አስጣልከኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚያች ቃል ሳመሰግንህ ኖርኩ።

ካውያው ፎቶው ላይ አለ። የገመዱ ፕላስቲክ ቀልጦ አልቋል፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ግን እስከ ጫፉ ሦስት ዙር እንደተጠመጠመ እጀታው ላይ አለ። አባባ እንዳስተማረኝ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው። የተጠመጠመ ገመድ ሶኬት ላይ ሊሰካ አይችልም። ወለሉ ክፉኛ የተበላውም ካውያው ጋ ሳይሆን ማዶ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ ከሚቆሙበት ከጓዳው በር አጠገብ ነው።

ግድግዳውንም አየሁት። የተሰቀለ ዕቃ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ከጥላሸት ይጋርዳል፤ በመጨረሻ ሰዓት ቢወርድ እንኳ ቦታው ነጣ ብሎ ይቀራል። ሰዓቱ የነበረበት ነጭ ነው። መስተዋቱ የነበረበትም ነጭ ነው። የእማማ ፎቶ የነበረበት ጋ ግን ምስማሩ ብቻ አለ፤ ዙሪያው ድፍን ጥቁር ነው። ጣሪያው ሊወድቅ ሲል ዘለህ ገብተህ አወጣሁት ያልከው፣ ዛሬ ሳሎንህ የተሰቀለው ፎቶ። ስንት ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ ከማዕቀፉ ጠርዝ እንኳ ጥላሸት አግኝቼ አላውቅም። ወር ሙሉ በፋሻ በታሰረው እጅህ ላይም ጠባሳ የለም። ጥሩ ሐኪም አግኝቶ ነው እል ነበር፣ ሞኟ።

ከቃጠሎው በፊት ባለው ሰሞን አባባ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ይህ ቤት የእሷ ነው፤ በእጇ እኔን ወጥታለች" ይል ነበር። አንተ መቀስህን ይዘህ ጨርቅ መቁረጥህን ትቀጥል ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር ግን አለ። አባባ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንተ መድኃኒት ልታመጣ እንደወጣህ፣ "ልጄ፣ ገመዱን ጠምጥመሽው ነበር አይደል?" አለኝ። ረስታ ነው፣ ረስታ ነው ሲባል ኖሬ የገዛ እጄን ማመን ትቼ ነበር። "አይ አባባ፣ ረስቼ ነው" አልኩት። ትንፋሹ ቀለል አለው። እጄን ያዘና "ይቅር ብዬሻለሁ" አለኝ። ምን እንደቀለለው፣ ማንን ሲጠረጥር እንደኖረ እስከ ረቡዕ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ተናድጄብሃለሁ ጋሼ። ልጠላህም ሞክሬ ነበር፣ ልቤ እምቢ አለኝ። እማማን ከምስማሯ ስታወርድ ይታየኝና ሆዴ ይባባል። ለፎቶዋ የራራኸውን ያህል ለእኔ አልራራህም።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አክስታችን ዘንድ ሂድና "እሷ አይደለችም" በላት። ታዲያ ማን ነው ካለችህ እንደፈለግህ መልስላት፤ እሱን አላዘዝኩህም።

መንትዮቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህን ሌላው ያጠፋውን ከመሸከም ይጠብቅልህ።

ሪፖርቱን ዛሬ ጠዋት ለዓመዱ አስረክቤዋለሁ። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ቀድሜ ብነግርህ አትስጪው ብለህ ስለምትለምነኝ ነው። ከለመንከኝ ደግሞ እሺ እልህ ነበር።

እህትህ