ለፉርጎ የተተወ ባዶ ቦታ

ለተሼ፣ ለልቤ ሰው፤

ከተለየኸኝ አራት ክረምት አለፈ። ወንዛችን ደቻቱ አራት ጊዜ ሞልቶ አራት ጊዜ ደረቀ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። የት ልላከው ብዬ? የት እንዳስቀመጡህ የነገረኝ የለ። ድንኳን አልተጣለልህም፣ እናትህም ድምጿን ከፍ አድርጋ አላለቀሰችልህም፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበርና። ዛሬ የምጽፍልህ ትናንት ልጃችን ላይ እጄን ስላነሳሁ ነው። ይህን ላንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ?

መጀመሪያ ስለ ቤት ልንገርህ። ከከዚራው ቤት አስወጥተውናል። አሁን መጋላ፣ እናቴ ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ነን። የሥዕል ጠረጴዛህን ይዤው መጣሁ፤ በበሩ አልገባ ቢል እግሮቹን አስቆረጥኳቸው፣ ይቅር በለኝ። መሬት ላይ ተቀምጠን ነው የምንሠራበት። እኔ ፋብሪካ እውላለሁ። ሶፊያ ስድስት ዓመቷን ጨርሳለች፣ ተማሪ ሆናለች፣ እንዳንተው ግራኝ ናት። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣችው አልነግርህም፣ ከአንቺ ነው ትለኛለህ።

ከጅቡቲ በባቡር ይመጡ የነበሩትን የሥዕል መጻሕፍት ታስታውሳለህ? ፈረንሳይኛውን ሳናውቅ፣ ሥዕሉን ብቻ እያየን ታሪኩን ከልባችን እንሞላው ነበር፤ አንተ ከዚራ፣ እኔ መጋላ፣ ሳንተዋወቅ። ስንተዋወቅማ ለካ ሁለታችንም በየደብተራችን የየራሳችንን ዓለም ስንስል ነው የኖርነው። ያንተ ሰው ፉርጎ ነበር፤ ትከሻው ብረት የሆነ፣ ባቡር መንገድ ላይ ሲቆም ብቻውን የሚጎትት። የኔዋ ዋርዳ ነበረች፤ የደቻቱን ጎርፍ በአንዲት ብልቃጥ ይዛ የምትዞር።

ከተጋባን በኋላ ሁለቱን ዓለም በአንድ ታሪክ እናገናኛቸው ያልከው አንተ ነህ። ቀላል መስሎህ ነበር። ባንተ ዓለም ውሃ የለም፣ ፉርጎ ከረጠበ ይዝጋል። በኔ ዓለም ደግሞ ብረት የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን፤ ምሳህን አቀርብልሃለሁ፣ አላናግርህም። በመጨረሻ የተሸነፍከው አንተ ነህ። ታሪኩ ሲያልቅ ደቻቱ ድልድይ ስር ይገናኙና ይጨባበጡ፣ የፉርጎም አንድ ጣት ይዛግ አልክ፤ ለሰላምታ አንድ ጣት ቢከፈል አይበዛም አልከኝ። ያን ቀን ነው ደግሜ የወደድኩህ። ሕጋችን ደግሞ አንድ ነበር፤ አንዳችን የሌላውን ሰው አንስልም። እኔ ዋርዳን ስዬ ለፉርጎ ቦታ እተዋለሁ፣ አንተ ትሞላዋለህ።

ከሥራህ ላይ ወስደው ቀበሌ ሲያስሩህም ሕጉን አላፈረስንም። ወረቀቱን አጣጥፌ፣ ሳህኑን በምጠቀልልበት ጨርቅ ጠርዝ ውስጥ እሰፋው ነበር። ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ ስፌቱን እተረትራለሁ፤ ፉርጎ በከሰል ተስሎ፣ በቦታው ቆሞ አገኘዋለሁ። እዚያ ውስጥ ሆነህ በምን ትሰፋው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ጥፋት ነው። አንድ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ታሪኩ አያልቅም፣ ታሪኩ ካላለቀ ደግሞ አንተን አይነኩህም። ስለዚህ ዋርዳን ማዘግየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጫማዋ ተበጠሰ፣ አንድ ቀን መልካ ጀብዱ ዘመድ ጥየቃ ሄደች፣ አንድ ቀን ብልቃጧ ጠፋባት። አንተ ግን ፉርጎን ድልድዩ ስር አድርሰህ አቆምከው። አንድ ቀን ከእግሩ ስር በደቃቁ ጽፈህ ላክህልኝ፦

«አቦ ሰዓዳ፣ መቼ ነው የሚገናኙት? ፉርጎ ደከመው።»

ቀልድህን መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ ተሼ። ሳቄን ጨርሼ ደግሞ ዋርዳን አንድ ሳምንት አስተኛኋት፣ አሞኛል አስባልኳት።

ከሳምንቱ በኋላ ግን አላስችል አለኝና ሳልኩት። ዋርዳ ድልድዩ ስር ደርሳ እጇን ዘርግታለች፤ ፊት ለፊቷ ያንተ ቦታ ነው። በማግስቱ ወሰድኩት። በር ላይ ያለው ጠባቂ ጨርቁን ሳይፈታ፣ ፊቴንም ሳያይ መለሰልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ምግብ አታምጪ» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ በከተማው ያላወቀች ሚስት አልነበረችም። ሳህኑ ወደ ውስጥ እንዳልገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ቤት ገብቼ ስፌቱን ተረተርኩት። ምናልባት ብዬ። ቦታው ባዶ ነበር።

ለሶፊያ አባትሽ ለሥራ ጅቡቲ ሄዷል አልኳት። ባቡር በጮኸ ቁጥር እስከ ግቢው በር ትሮጣለች። ትናንት ከሥራ ስመለስ ያንን ወረቀት ከሣጥኔ አውጥታ፣ በባዶው ቦታ ላይ ሰው ስትስል ደረስኩባት። በጥፊ መታኋት። አላለቀሰችም፤ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ እስኪመጣ ቦታውን ልይዝለት ብዬ ነው።»

ተሼ፣ እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዋርዳን እንዳዘገየሁት እውነቱንም እያዘገየሁ ኖሬአለሁ። ሰው አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ያጠፋል? እኔ አጠፋሁ። አንተ ድልድይ ስር ቆመህ ጠበቅከኝ፣ እሷ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ትጠብቃለች፤ አስጠባቂዋ እኔው ነኝ። እንዲህ ሆኜ መኖር አልቻልኩም።

ላጲስ አንስቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። የሳለችው ሰውዬ ትከሻው ብረት አይደለም፤ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ተራ ሰው ነው። የዋርዳን እጅ ጨብጧል። ስለ ዝገቱ የነገራት ስለሌለ አምስቱም ጣቶቹ ደህና ናቸው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነግራታለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ምናልባት ከፉርጎ እጀምር ይሆናል፤ አንድ ጣቱን ለሰላምታ ሊሰጥ ከተስማማበት ቀን። መቃብርህን አላውቀውም፤ ያለኝ ይህ የድልድዩ ሥዕል ብቻ ነው። በሕይወት እስካለሁ እኔ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ሶፊያ ትይዘዋለች። ደክሞህ እንደነበርም አልረሳም።

ያስጠበቀችህ
ሰዓዳ